የታሪክ ክለሳ ምንድን ነው?

“ታሪክ ከላሽ” የምትባለው ስድብ ሰሞኑን እንደገና ገበያ ወጥታለች። አንድ የታወቁ ተንታኝ ናዚዎች በፖላንድ ስለነበራቸው የሞት ካምፕ፣ ስለ አውሽቪትስ ሲናገሩ፣ መጀመሪያ የሟቾቹ ቁጥር አራት ሚሊዮን ይባል ነበር፣ ቀጥሎ አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ አሁን ደግሞ አንድ ነጥብ አንድ ሚሊዮን ተባለ፤ ምሁራኑ ራሳቸው ሲቀንሱት ታዲያ እኛ ለምን እንመን አሉ። ከአድማጮቻቸው ግማሹ አጨበጨበላቸው። የቀረው ደግሞ ታሪክን መከለስ ራሱ ወንጀል ነው ብሎ ቱግ አለ። ያጨበጨበውም የተቆጣውም ክለሳን ከክህደት ጋር አንድ አድርጎ ነው ያየው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ክለሳ የታሪክ ተመራማሪ የዘወትር ሥራ ነው። አዲስ ሰነድ ሲወጣ፣ የቆየው ሰነድ በሌላ ጥያቄ ሲነበብ፣ ማንም ጠይቆት የማያውቅ ምስክር ሲጠየቅ የነበረው ድምዳሜ ይፈተሻል። ከጸና ይቀጥላል፣ ካልጸና ይታረማል። ትርጉሙ ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

የማሳ ነገር ላንሣ። አባት ማሳውን በዓይኑ ገምቶ “አራት ጥማድ ይሆናል” አለ። ልጁ በገመድ ለካው፤ ሦስት ሆነ። የልጅ ልጁ በዘመኑ መሣሪያ ሲለካው ከሦስትም ትንሽ ጎደለ። ማሳው በዚህ ሁሉ መሀል አልጠበበም፤ አባትየውም ማሳ አልነበረውም አያሰኝም። ድንበር ገፊ ግን ሌላ ሰው ነው። ሌሊት ተነሥቶ የወሰኑን ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ ያስጠጋና ጠዋት ገመድ ይዞ “እኔም እኮ ለካሁ” ይላል። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ገመዱን አይቶ ብቻ አያምነውም፤ መጀመሪያ የሚያጣራው ድንጋዩን ማን እንዳነሣው ነው።

አራት ሚሊዮኑ የዓይን ግምት ነበር። የሶቪየት ጦር አውሽቪትስ የገባው ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 ነው (ያልተገለጸው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኤስኤሶች (የካምፑ ናዚ ጠባቂዎች) ከመሸሻቸው በፊት አብዛኛውን ወረቀት አቃጥለዋል፣ የጋዝ ክፍሎቹንም አፍርሰዋል። የሶቪየት መርማሪ ኮሚሽን መዝገብ ስላጣ የሬሳ ማቃጠያ ምድጃዎቹን አቅም ከሠሩባቸው ወራት ጋር አባዝቶ፣ ጥቂት ቀንሶ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር አራት ሚሊዮን ብሎ አወጀ። ምድጃው ሊያቃጥል ይችል የነበረውን ነው ያሰሉት እንጂ የሞተውን አልቆጠሩም። የፖላንድ ኮሚኒስት መንግሥት ቁጥሩን በመታሰቢያው ላይ አስቀረጸው፤ ጽሑፉ እስከ 1990 ድረስ እዚያው ቆየ።

ተንታኙ ያልነገሩን ግን አለ። በምዕራቡ ዓለም የነበሩት ዋና ዋና ተመራማሪዎች በአራት ሚሊዮኑ ሒሳብ አልሠሩም። ጄራልድ ሬይትሊንገር በ1953 በአውሽቪትስ የሞቱትን ከአንድ ሚሊዮን በታች አድርጎ ነበር የገመታቸው። ራውል ሂልበርግ በ1961 በዚያ ካምፕ አንድ ሚሊዮን ያህል አይሁዳውያን እንደተገደሉ፣ በመላው አውሮፓ ደግሞ ድምሩ 5.1 ሚሊዮን እንደሚሆን ጻፈ። ስለዚህ “ከአራት ወደ አንድ ከወረደ፣ በሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁዳውያን ላይ በፈጸሙት እልቂት) አለቁ ከሚባሉት ስድስት ሚሊዮን ላይ ሦስት ይቀነስ” የሚለው ስሌት ከመነሻው አይሠራም፤ ሦስቱ ሚሊዮን በስድስቱ ውስጥ ገብተው አያውቁምና። ስድስት ሚሊዮን የተባለው ከየአገሩ የሕዝብ ቆጠራና ከየአገሩ ከተጋዘው ሰው ብዛት ተነሥቶ የተሠራ ግምት ነው። የምድጃ አቅም አልገባበትም።

ቁጥሩን ወደ 1.1 ሚሊዮን ያወረደውስ ማን ሆነና? የአውሽቪትስ ሙዚየም ራሱ ነው። ሙዚየሙን በ1947 ያቋቋሙት ከካምፑ የተረፉ እስረኞች ነበሩ። በዚያ የሚሠራው ፍራንቺሼክ ፒፐር በ1980ዎቹ ከየአገሩ የተነሡትን ባቡሮች አንድ በአንድ ይዞ ቆጠረ። ወደ ካምፑ ቢያንስ 1.3 ሚሊዮን ሰው እንደገባ፣ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋው ወደ ሌላ ቦታ እንደተዛወረ፣ 1.1 ሚሊዮን የሚሆነው ደግሞ እዚያው እንዳለቀ አሳየ። ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ አይሁዳውያን ነበሩ። ቀሪዎቹ ከ70 እስከ 75 ሺህ ፖላንዳውያን፣ 21 ሺህ ሮማዎች፣ 15 ሺህ የሶቪየት ምርኮኞችና ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው። የድሮው አራት ሚሊዮን ግን ሟቹን ሁሉ “የልዩ ልዩ አገር ዜጎች” ብሎ ያልፍ ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ማን እንደተገደለ ጎልቶ ወጣ፤ ትልቁ ቁጥር ደብቆት የኖረው ይህንን ነበር።

ስለ ቤተ መዛግብት ካነሣሁ አይቀር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሞስኮ በ1989 የካምፑን “የሞት መዝገቦች” ለቀይ መስቀል ስትሰጥ በውስጣቸው ወደ 69 ሺህ የሚጠጋ ስም ተገኘ። እልቂቱን የሚክዱት ካጆች ወዲያውኑ “ይኸው! የሞተው 69 ሺህ ብቻ ነው” አሉ። መዝገቡ ግን የያዘው ቁጥር ተሰጥቷቸው በካምፑ የተመዘገቡ እስረኞችን ነው፤ ያውም ከ1941 አጋማሽ እስከ 1943 መጨረሻ ያሉትን፣ ያውም ሳይጠፋ የተረፈውን ቅጽ ብቻ። ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ጋዝ ክፍል የተነዳውን፣ ማለትም አብዛኛውን ሰው፣ ማንም አልመዘገበውም። የጀማሪ ተመራማሪ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ወረቀት የሚነግርህ ጸሐፊው እንዲመዘግብ የታዘዘውን ብቻ ነው።

የድቫብኔ የምትባለው የፖላንድ ከተማ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ጁላይ 10 ቀን 1941 የከተማይቱ አይሁዳውያን በአንድ ጎተራ ውስጥ ታጉረው ተቃጠሉ። በቦታው የቆመው የድሮ ሐውልት 1,600 ሰው በጌስታፖና በጀርመን ጀንደርሞች እንደተቃጠለ ይናገር ነበር። ጉዳዩን በ2000 የቀሰቀሰው በፖላንድ ተወልዶ ያደገው የታሪክ ምሁር ያን ግሮስ ነው፤ ገዳዮቹ ጎረቤቶቻቸው እንደነበሩ ጻፈ። አገሪቱ ተናጠች። የፖላንድ ብሔራዊ የመታሰቢያ ተቋም መርምሮ ሟቾቹ ከ340 እንደማያንሱ፣ ድርጊቱንም ጀርመኖች ቢገፋፉትም የፈጸሙት የአካባቢው ፖላንዳውያን መሆናቸውን ደመደመ። እዚህም ቁጥሩ ወርዷል፣ ጥፋቱ ግን ወደ ቤት ገባ። 340ውም ቢሆን መጨረሻ አይደለም፤ አስከሬን የማውጣቱ ሥራ በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ቆሟል።

አሁን ወደ ድንበር ገፊው። ድሬስደን በፌብሩዋሪ 1945 በቦምብ ስትጋይ የከተማው ፖሊስ ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር እስከ ማርች ወር ድረስ 20,204 አድርሶት ነበር። አንድ ሰው በቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዜሮ ጨመረበትና 202,040 ሆነ። ይህን የተበረዘ ወረቀት እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዴቪድ ኢርቪንግ በ1960ዎቹ አራገበው። ትክክለኛው ሰነድ ከወጣ በኋላ እንኳ ለዓመታት የተጋነነ ቁጥር መጥቀሱን አልተወም። ከተማዋ ያቋቋመችው የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን በ2010 የሟቾቹ ቁጥር ቢበዛ 25 ሺህ ነው ብሏል። ኢርቪንግ “የሆሎኮስት ካጅ” ያሉትን ምሁር ዲቦራ ሊፕስታትን ለንደን ላይ በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ በኤፕሪል 2000ም ተረታ። ለተከሳሿ ወገን መጽሐፎቹን ከግርጌ ማስታወሻቸው ጋር ያመሳከረው ሪቻርድ ኢቫንስ ያሳየው ነገር ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው። ሐቀኛ ተመራማሪ ሲሳሳት ስህተቱ ወዲያም ወዲህም ይበታተናል። የኢርቪንግ ስህተት ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ሂትለርን ወደሚያነጻው ወገን ያጋድላል። የእሱ ድንጋይ የሚንቀሳቀሰው ሁልጊዜ ወደ ጎረቤት ማሳ ነው።

ተንታኙ ይህንን ቢሰሙ “ሶቪየቶች ስለ ካቲን ጭፍጨፋ ዋሽተው የለም? እንግዲያው በአውሽቪትስም ዋሽተዋል” ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ ዋሽተዋል። በ1940 የፖላንድ መኮንኖችን የፈጀው የሶቪየት የጸጥታ ፖሊስ ሆኖ ሳለ ሞስኮ ጥፋቱን ለጀርመኖች ሰጥታ እስከ 1990 ኖረች። በ1992 የተከፈተው ፋይል ስታሊን የፈረመበትን የማርች 5 ቀን 1940 ውሳኔ ይዟል፤ በ1959 የተጻፈ ማስታወሻ ደግሞ የተገደሉትን 21,857 ይላቸዋል። በ1943 ለዓለም ያወራው ግን ማን ነበር? ጎብልስ። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ገዳዩን በመጠቆም እውነት ተናገረ፣ ናዚን ያሸነፈው ወገን ዋሸ። ከዚህ “ሁሉም ይዋሻል” ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። የተናጋሪው ማንነት ጥርጣሬ ያስነሣል እንጂ ጉዳዩን አይዘጋም፤ የሚዘጋው በጉድጓዱ ያለው አስከሬን፣ በጭንቅላቱ ያለው ጥይት፣ በፋይሉ ያለው ፊርማ ነው።

ክለሳ ወንጀል ነው ለሚሉት ደግሞ የጀርመኑን ፍሪትዝ ፊሸርን አስታውሳቸዋለሁ። በ1961 ጀርመን ለአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሣት ከባዱን ኃላፊነት እንደምትሸከም ጽፎ አገሩን አስቆጣ። የሙያ ባልደረቦቹ ዘመቱበት፤ በ1964 ወደ አሜሪካ ሄዶ እንዳያስተምር መንግሥት የጉዞውን ገንዘብ እስከ መከልከል ደረሰ። ዛሬ ፊሸርም በተራው ይከለሳል። በ2012 ክሪስቶፈር ክላርክ ኃላፊነቱን ለብዙ መንግሥታት ሲያከፋፍለው ጀርመኖች መጽሐፉን ተሻምተው ገዙት። እኔ ክላርክ ቪየናንና በርሊንን አቅልሎ ቤልግሬድን አክብዶባታል ባይ ነኝ፤ ግን ይህ በመለኪያ ላይ የሚደረግ ጠብ ነው።

እኛንም የሚመለከት የአውሮፓ ታሪክ አለ። የሙሶሊኒ ጦር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ተናግረዋል። ጣሊያን ግን ለ60 ዓመት ያህል አላመነችም። አንጄሎ ዴል ቦካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማስረጃ ሲያወጣ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት “አገር ሰዳቢ” አሉት። በወጣትነቱ በዘመቻው የነበረው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ “እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም” እያለ ተከራከረው። በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ አመኑ፤ ሙሶሊኒ በኦክቶበር 1935 ለግራዚያኒ፣ በዲሴምበር ለባዶሊዮ በጋዝ እንዲጠቀሙ የፈቀደባቸው ቴሌግራሞችም ለሞንታኔሊ ተዘረጉለት፤ መሳሳቱን አመነ። ለሮም ይህ ክለሳ ነበር። ቆዳው ለተላጠ የትግራይና የወሎ ገበሬ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። “ቤተ መዛግብት ሲከፈት እውነቱ ወጣ” የሚሉ ሰዎች ይህን ይረሱታል፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ወጥቶ የቆየ ነው፣ የጎደለው ሰሚ ነው።

ደብረ ሊባኖስን ደግሞ ውሰዱ። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ያስገደላቸውን መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ለሮም በላከው ቴሌግራም 449 አድርጎ ሪፖርት አቅርቧል። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ቦታውን ዞረው፣ ምስክር ጠይቀው፣ ከ1,423 እስከ 2,033 ብለው ገመቱ። ማንም አልተቆጣም፤ ቁጥሩ ጨምሯላ። ያው ካምቤል የየካቲት 12ቱን የአዲስ አበባ እልቂት መርምሮ ወደ 19 ሺህ ገደማ ሲል ግን፣ የለመድነው 30 ሺህ ስለሆነ፣ “የፋሺስት ጠበቃ” ያሉት አልጠፉም። ሰውየው ከጣሊያኖች ሪፖርት እጅግ የበዛ ሟች አሳይቶ፣ ገዳዮቹን በስም እየጠራ!

የማሳው ምሳሌ እዚህ ላይ ይዝላል። ማሳ ቦታው ላይ ስላለ ሦስተኛው ለኪ ሲጠራጠር ተመልሶ ይለካዋል። የየካቲት 12 አዲስ አበባ ግን የለችም፤ የሚለካው ጥላዋ ነው፤ የዲፕሎማት ደብዳቤ፣ ወታደሮቹ ያነሷቸው ፎቶዎች፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ የተቀዳ የሽማግሌ ቃል። ካምቤል የተደገፈበት ምስክርነት ዕድሜው የገፋ መሆኑ እውነተኛ ድክመት ነው፤ 19 ሺህም ነገ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሄድ አይደንቀኝም። 30 ሺህ የሚለውም ቢሆን ዘዴውን ማቅረብ አለበት። በተቃጠለ አንድ ጎጆ ውስጥ ስንት ሰው ይቆጠር? በካሚዮን ተጭኖ የተወሰደውስ ሁሉ እንደሞተ ይያዝ፣ ወይስ ከፊሉ ወደ ደናኔ እስር ቤት ተግዟል? ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማስረጃ ይዘው የተለያየ ድምር የሚያመጡት እነዚህን በመሰሉ ጥያቄዎች ላይ ሲለያዩ ነው።