ወሰዱት

የሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ያለውን አጵሎስን ዛሬ ብናገኘው የግቢ ፌሎሺፕ (የዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ሰባኪ እናደርገው ነበር። የእስክንድርያ ሰው ነው፤ የተማረ፣ ንግግር አዋቂ፣ በመንፈስ የሚቃጠል። ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ጵርስቅላና አቂላ ኤፌሶን ምኩራብ ውስጥ ሰሙት። ጉባኤው ፊት አላሳፈሩትም፤ ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል ገለጡለት። ወዴት እንደወሰዱት ሉቃስ አልጻፈም። ግን እነዚህ ባልና ሚስት ቤታቸው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ ጳውሎስ ሁለት ጊዜ ጽፏል (ሮሜ 16፥5፤ 1ቆሮ 16፥19)። ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም ሲያባርር የተፈናቀሉ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ከአገሩ የወጣ ሰው ምን እንደሚጎድለው ያውቃሉ።

እኔንም አንዲት እናት ወስደውኛል። ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ፌሎሺፕ ላይ ሰበክሁ። «በእምነት ካወጃችሁ ኤ ታገኛላችሁ» አልሁ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ከኋላ ተቀምጠው ሰምተውኛል፤ ያን ቀን ምንም አላሉኝም። ቅዳሜ ምሳ ጠሩኝ። ሽሮ በላን፣ ቡና ተፈላ፣ ልጆቻቸው በሪሞት ተጣልተው ታረቁ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ተርም ዲስሚስ የሆነው የዶርምህ ልጅ እምነት አልነበረውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ከእኔ በላይ ይጸልይ ነበር። ከዚያ ኢዮብን አብረን ማንበብ ጀመርን፤ በየቅዳሜው፣ ወራት ፈጀብን።

ፌሎሺፕን እያጣጣልሁ አይደለም፤ ጌታን ያወቅሁት እዚያ ነው። ግን ተማሪ ተማሪን ያስተምራል፤ መሪው ተመርቆ ሲሄድ ሌላ ተማሪ ይተካል። መሪውን ራሱን የሚያርመው ማነው? ደግሞ ባልና ሚስት ሲጋጩ እንዴት ይቅር እንደሚባባሉ፣ ደመወዝ ሳይደርስ ወሩ ሲረዝም እንዴት እንደሚጸለይ በአዳራሽ አይታይም። ከጎንደር አርባ ምንጭ የተመደበ ፍሬሽማን ይህን የሚያየው ቤት የከፈተለት ሰው ካገኘ ነው።

ቤት ምን እንደሚሠራ የእኛው ታሪክ ይናገራል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ምእመናኑ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። አዳራሽ የለም፤ መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። በ1983 ዓ.ም. በነጻነት ሲወጡ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። ዛሬ ማንም ሳይከለክለን ሳሎናችንን የዘጋን ብዙ ነን፤ ምክንያታችንም አብዛኛውን ጊዜ ሶፋው ነው።

ግቢ አጠገብ የምትኖሩ ወገኖች፣ ድግስ አይጠበቅባችሁም። ሁለት ሦስት ተማሪ ይበቃል። ለእነርሱ ብላችሁ የቤታችሁን ጠባይ አትለውጡ፤ እንግዳ የሆነ ልጅ ሰሃን ቢያጥብ ቤተኛ ይሆናል። የግቢው በር ሳይዘጋ ሸኟቸው። ሴት ተማሪ ስትመጣ የቤቱ እመቤት ትኑር፤ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ከፌሎሺፑ ልጆችን ነጥላችሁ የራሳችሁን ቡድን አታቋቁሙ። አንዳንዱ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ምሳ፣ ቀጥሎ «ልጆቼ»፣ በመጨረሻ መለያየት።

ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን ለራሳቸው አላስቀሩትም። ወደ አካይያ ሊሄድ ሲፈልግ ወንድሞች አበረታቱት፤ እንዲቀበሉትም ለደቀ መዛሙርቱ ጻፉ (ሐዋ 18፥27)። እትዬም የተመረቅሁ ሰሞን ሥራ ወዳገኘሁበት ከተማ ለሚያውቋቸው ሽማግሌ ደወሉ። ስለ ስብከቴ ያነሡት ነገር የለም። «ቡና ይወዳል፤ ሰሃን ያጥባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሩት» ነው ያሏቸው።