የዛፍ እንቁራሪት ቤት ውስጥ ማሳደግና አያያዙ

የዛፍ እንቁራሪት የሚባለው ጣቶቹ ጫፍ ላይ ክብ ክብ የሚጣበቅ ነገር ያለው፣ ቅጠልም በሉት መስታወት ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ቀን ተኝቶ ማታ ማታ የሚነቃ እንቁራሪት ነው። አይነቱ በጣም ብዙ ነው ግን ሰው ቤት የሚገኙት ጥቂት ናቸው። ዋይትስ የሚባለው የአውስትራሊያና የኒውጊኒው አለ፣ ጆን ዋይት የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም በፈረንጆቹ 1790 መጽሐፉ ላይ ያስተዋወቀው ነው። ከዛ የመካከለኛው አሜሪካ ባለ ቀይ አይኑ አለ፣ ፎቶ ላይ ሁሌ የምታዩት ማለት ነው፣ እና የአሜሪካ ደቡብ ምስራቁ ትንሹ አረንጓዴ። ለጀማሪ እኔ ዋይትስን ነው የምለው፣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ረጋ ያለ ነው፣ ቶሎ አይደነግጥም። ግን በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዛም በላይ ሊኖር ስለሚችል ለልጅ የልደት ስጦታ ብሎ ገዝቶ መሄድ አያዋጣም።

እንቁራሪት ላይ ሁሉም ነገር የሚዞረው ቆዳው ላይ ነው። ውሃ በአፉ አይጠጣም፣ ሆዱ ስርና ጭኑ አካባቢ ባለው ስስ ቆዳ ነው የሚመጠው፣ አየርም በከፊል የሚገባው በዛው ነው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ሎሽን፣ የሳሙና ቅሪት፣ ሳኒታይዘር፣ ላብ ሳይቀር ወደ ውስጡ ይገባል ማለት ነው። ውሃውም እንደዛው፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይጎዳዋል። ብዙ ሰው ውሃውን ክፍት አድርጎ አንድ ቀን ያሳድርና ጨረስኩ ይላል፣ ክሎሪን በዚህ ሊወጣ ይችላል፣ ክሎራሚን የሚባለው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት ማጣሪያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም፣ አሁን ደግሞ ብዙ ከተሞች ክሎራሚን ነው የሚጠቀሙት። ለአሳ የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ጠብታ መጠቀም ይሻላል።

ቤቱ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ነው የሚያስፈልገው፣ 45 በ45 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ የመስታወት ታንክ ለአንድ ወይም ለሁለት ዋይትስ ይሆናል፣ ቅርንጫፍና ሰፋ ሰፋ ያለ ቅጠል ይግባበት። ሙቀቱ ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማታ ትንሽ ዝቅ ቢል ችግር የለውም። እርጥበት ላይ ግን ሰው ያበዛዋል፣ ዋይትስ 50 እና 60 ፐርሰንት አካባቢ ይበቃዋል፣ ባለ ቀይ አይኑ ነው ከዛ በላይ የሚፈልገው፣ አየር የማይገባበት ሁሌ የረጠበ ታንክ የባክቴሪያ መፈልፈያ ነው። ወለሉ ላይ ጠጠር አታድርጉ፣ ነፍሳት ሲያሳድድ አብሮ ይውጠውና አንጀቱ ይዘጋል።

የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው፣ ክሪኬት የሚባለው ፌንጣ መሰል ነፍሳት፣ ለምግብ የሚረባ በረሮ ምናምን፣ መጠኑም በሁለት አይኖቹ መሃል ካለው ስፋት ባይበልጥ ነው የሚመከረው። ሲውጥ አይታችሁት ከሆነ አይኖቹ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላሉ፣ ታሞ ወይ ታንቆ አይደለም፣ አይኖቹ ራሳቸው ናቸው ምግቡን ወደ ጉሮሮ የሚገፉት። ነፍሳቱ ላይ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ዱቄት ካልተነሰነሰ አጥንቱ እየለሰለሰ መንጋጋው ይጣመማል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ለትልቅ እንቁራሪት በሳምንት ሁለት ሶስቴ መመገብ በቂ ነው፣ ዋይትስ ሆዳም ስለሆነ በሰጡት ቁጥር ይበላል፣ ከአይኑ በላይ ያለው ቆዳ ተንጠልጥሎ አይኑን መሸፈን ከጀመረ ወፍሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ መያዙ እንምጣ። ሀቁ ይሄ እንስሳ የሚታይ እንጂ የሚታቀፍ አይደለም፣ እጅ ላይ ዝም ብሎ መቀመጡም ወዶት ነው ማለት አይደለም፣ ደርቆ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ታንክ ለማጠብ ከሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ከፊቱ አድርጎ በቀስታ ከኋላ መንካት ነው፣ ራሱ ይገባል። የግድ በእጅ ከሆነ ፓውደር የሌለው ጓንት አድርጋችሁ ጓንቱን በታከመ ውሃ አርጥቡት፣ ጓንት ከሌለ እጅ ታጥቦ ሳሙናው እስኪጠፋ ተለቅልቆ እርጥብ እንዳለ፣ ከስር ደግፋችሁ ያዙት፣ ድንገት ስለሚዘል ጠረጴዛ ወይ አልጋ ላይ ዝቅ ብላችሁ፣ መጭመቅ የለም። ሽንቱን ቢለቅባችሁ አትገረሙ፣ ግን ፊኛው ውስጥ ያጠራቀመው የውሃ ክምችቱ ነው የሄደው፣ ቶሎ ወደ ውሃው መልሱት። ከዛ የራሳችሁን እጅ በሳሙና ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ቀልድ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2011 ድንክ ከሆኑ የውሃ እንቁራሪቶች ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ነበር፣ የታመሙት በብዛት ህጻናት ነበሩ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ይመረጣል።

ስትገዙ ከጫካ የተያዘ ሳይሆን ቤት ውስጥ የተፈለፈለ መሆኑን ጠይቁ፣ ባለ ቀይ አይኑ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ2010 ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። አዲሱን ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ፣ ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው ይቆይ፣ ምክንያቱም ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፣ በ1999 ነው ስም የወጣለት፣ ቆዳውን ይዞ የሰውነቱን ጨው ያዛባና ልቡን ያቆመዋል፣ ዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያ ያጠፋውም እሱ ነው። ለዚህም ነው የሰለቻችሁን እንቁራሪት ሜዳ ላይ መልቀቅ፣ የታንኩንም ውሃ ወንዝ ላይ መድፋት ፈጽሞ የማይደረገው። ትልቅና ትንሽም አንድ ላይ አይቀመጥም፣ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል።

አንድ የቀረ ነገር፣ ወንዱ ማታ ይጮሃል፣ በዛ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ወይ ቫኪዩም ክሊነር ሲበራ እየመለሰ ይጮሃል፣ ታንኩን መኝታ ቤት ልታስቀምጡ ካሰባችሁ ይሄንን አስቡበት።