የወላጅነት ሥልጣን ክርክሮች መጓተት በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች

ወላጅ በልጁ ላይ ያለውን ሥልጣን የሚያጣባቸው ወይም የሚቀነስባቸው ክርክሮች በአዲስ አበባ የሚታዩት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎቶች ነው። ሕጉ ጉዳዩን በአንድ ስም አይጠራውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አባትና እናትን አካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸው የጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋቸዋል፤ አሳዳሪነቱ የልጁን አኗኗር፣ ጤናና ትምህርት የሚመለከት ሲሆን፣ ሞግዚትነቱ ደግሞ ንብረቱንና የገንዘብ ጥቅሙን ይመለከታል። ስለዚህ አንዱ መዝገብ የሞግዚት ይሻርልኝ አቤቱታ፣ ሌላው ከፍቺ በኋላ «ልጁ ከማን ጋር ይኑር» የሚል ክርክር፣ ሦስተኛው የጉዲፈቻ ማጽደቂያ ሊሆን ይችላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 123 ጥፋተኛን ከቤተሰብ መብቶቹ፣ በተለይም ከወላጅነት ሥልጣኑ፣ የመሻር ቅጣትን ይፈቅዳል።

በአሜሪካ የ1997 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሳለፈ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ክፍለ ግዛቱ ወላጆቹ መብታቸውን እንዲያጡ አቤቱታ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ እንዲህ ያለ የወራት ቆጠራ የለውም። ያለው መለኪያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ ሕፃናትን በሚመለከት በማናቸውም እርምጃ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት ይታሰባል ይላል። የሰበር ሰሚ ችሎት (የሥር ፍርድ ቤቶችን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ይህን መርሕ ከወረቀት ወደ ተግባር አውርዶታል። የሥር ፍርድ ቤቶች እናት ስትሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው አባት ነው ብለው የወሰኑትን፣ የልጁ ጥቅም አልተመረመረም ሲል ሽሮታል። ውሳኔው የሚጠቀሰው በአብዛኛው «ለማን ይሰጥ» በሚለው ረገድ ነው። «መቼ ይወሰን» ለሚለውም እኩል ያገለግላል ብሎ መከራከር ግን ይቻላል፤ ክሱ ሲከፈት የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ ይግባኙ ሲያልቅ ፊደል ቆጥሮ ከሆነ፣ የተመዘነው ጥቅም የሌላ ዕድሜ ጥቅም ሆኗልና።

መዝገቡ የሚቆመው ችሎት ላይ ሳይሆን በቀጠሮዎች መካከል ነው። አንድ የተለመደ የቤተሰብ መዝገብ ሲገለጥ በትዕዛዝ ገጾቹ ላይ ተመሳሳይ ቃል ይደጋገማል፦ መጥሪያው ስላልደረሰ ተለዋጭ ቀጠሮ፣ የማኅበራዊ ጥናት ስላልቀረበ ተለዋጭ ቀጠሮ፣ መዝገቡ ስላልተመረመረ ተለዋጭ ቀጠሮ። በየቀጠሮው ልጅ ያዘለች አያት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስሟ እስኪጠራ ትጠብቃለች፤ ስትገባ የሚነገራት ግን ሌላ ቀን ነው። ከነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚበላው መጥሪያው ነው። አባት ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ አድራሻው ሲጠፋ፣ ቀበሌ ለቀበሌ ተፈልጎ አልተገኘም ከተባለ በኋላ በጋዜጣ ጥሪ ይደረጋል። ሳይቀርብ ቀርቶ በሌለበት ከተፈረደበት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ሊል ይችላል። ይህ መብቱ ነው፤ ሊነካም አይገባም። ስለሆነም ጊዜ የሚቆጥበው አካሄድ መጀመሪያውኑ የመጥሪያውን አደራረስ በጥንቃቄ ማስመዝገብ እንጂ በችኮላ በሌለበት መፍረድ አይደለም።

የማኅበራዊ ጥናቱ ሌላው ማነቆ ነው። ባለሙያው ቤት ድረስ ሄዶ ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ጎረቤት ምን እንደሚል አይቶ ይጽፋል፤ ዳኛውም በዚህ ላይ ይመሠረታል። ሪፖርቱ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት መዝገቡ ውስጥ ሲገባ ግን ተከራካሪዎቹ አስተያየት እንስጥበት ይላሉ፤ ሌላ ቀጠሮ ይከተላል። ሪፖርቱ ከቀጠሮው በፊት በተቆረጠ ቀን ለሬጅስትራር (ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል) እንዲደርስና ግልባጩ ለሁለቱም ወገን እንዲሰጥ በመጀመሪያው ቀን ማዘዝ ብቻውን አንድ ሙሉ ቀጠሮ ያስቀራል። ዳኛ ሲቀየርም ጥናቱና የምስክሮቹ ቃል እንደ አዲስ ይነበባል፤ መዝገቡን ከከፈተው ዳኛ ጋር ማቆየት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በፍርድ ቤት የሚመራ የማስማማት ሥርዓትን አካቷል። ይህ ወላጆች ስለ ጉብኝት ሰዓትና ስለ ቀለብ በሚከራከሩበት መዝገብ ይጠቅማል፤ ልጁ ላይ ጉዳት ደርሷል በተባለበት ግን ቦታው አይደለም፣ ሽማግሌ ስለገባ ብቻ የሚዘጋ መዝገብ መሆንም የለበትም። በዚህ መሀል ልጁን የሚጠብቀው ጊዜያዊ ትዕዛዝ ነው፤ በፍቺ ጊዜ ሕጉ ራሱ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ ወዲያውኑ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። ጊዜያዊው ትዕዛዝ በቆየ ቁጥር ግን ልጁ ሥር ይሰድና የመጨረሻውን ውሳኔ አስቀድሞ ይወስነዋል፤ አንዳንድ ተከራካሪም ይህን ስለሚያውቅ ቀጠሮ ማራዘምን እንደ ስልት ይይዘዋል።

መዘግየቱ ከችሎት ውጭ ላሉትም ይተርፋል። አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻን ካስቀረ ወዲህ፣ እንደ ክበበ ፀሐይና ቀጨኔ ባሉ የከተማዋ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ላሉ ልጆች የቀረው የጉዲፈቻ በር የአገር ውስጡ ነው። ወላጁ በሕይወት ያለ ሆኖ ፈቃዱ ያልተገኘ ልጅ ወደ አዲስ ቤተሰብ ለመግባት መዝገብ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ክረምት አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በየዓመቱ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 በከፊል ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎቶች አስቸኳይ ጉዳዮችን ብቻ ያያሉ። የአንድ ልጅ አሳዳሪነት «አስቸኳይ» መባሉና አለመባሉ የሚወሰነው አቤቱታው በተጻፈበት መንገድ ነው፤ ልምድ ያላቸው ጠበቆች ሰኔ ላይ ምስክር ያልተሰማበትን መዝገብ ወደ ጥቅምት እንዳይሻገር ሐምሌ ሳያልቅ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይጠይቁበታል።