የብሪታንያ የመንጃ ፈቃድ ፈተና እና በጀማሪ አሽከርካሪዎች ላይ የታሰቡት ገደቦች

በብሪታንያ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ አንደኛው በኮምፒውተር የሚሰጠው የጽሑፍ ፈተና ሲሆን ሁለተኛው ከፈታኝ ጋር መንገድ ላይ የሚደረገው የተግባር ፈተና ነው። የተግባር ፈተናው ግዴታ ከሆነበት ከ1935 ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። ፈተናው ከታለፈ በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ግን በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከአንድ ሕግ በቀር ይህ ነው የሚባል ገደብ የለም። ጠዋት ያለፈ የ17 ዓመት ወጣት ማታውኑ አራት እኩዮቹን ጭኖ በፈጣን አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት እስከ 70 ማይል ቢነዳ ሕግ አይከለክለውም። በመንግሥት፣ በአሽከርካሪ ማኅበራትና ልጆቻቸውን በአደጋ ባጡ ወላጆች መካከል ለዓመታት የዘለቀው ክርክር የሚያጠነጥነው በዚህ ጊዜ ላይ ነው። በአማርኛ ስለ ጉዳዩ የሚገኘው ጽሑፍ ከጥያቄና መልስ መለማመጃ እምብዛም ስለማያልፍ፣ ይህ ዳሰሳ ታሪኩንና የቀረቡትን ሐሳቦች በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ያለ ፈተና የተነዳባቸው ዓመታት

የ1903 የሞተር መኪና ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ እያንዳንዱ አሽከርካሪ ፈቃድ እንዲይዝ አዘዘ። ዕድሜው 17 የሞላ፣ ለሞተር ብስክሌት ደግሞ 14 የሞላ ሰው አምስት ሺሊንግ ከፍሎ ፈቃዱን ይወስድ ነበር። መሪ ጨብጦ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው አልነበረም። የ1930ው ሕግ ለመኪኖች የነበረውን የ20 ማይል የፍጥነት ወሰን አነሣ፤ በማግስቱ ዓመት የመንገድ ደንብ መጽሐፍ በአንድ ፔኒ ዋጋ ታትሞ ወጣ። ፍጥነቱ ለነጂው ኅሊና የተተወበት ያ ጊዜ ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። በ1934 ብቻ 7,343 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ231,000 በላይ ቆስለዋል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ እግረኞች ነበሩ። ዛሬ የተሽከርካሪው ብዛት ከአሥር እጥፍ በላይ ጨምሮ ሳለ የዓመቱ ሟች ወደ 1,600 ገደማ ነው። ለዚህ ለውጥ የመንገድ ሥራው፣ የመኪናው አሠራርና ሕክምናው ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ፈተናውም ከእነዚህ አንዱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1934 የትራንስፖርት ሚኒስትር የሆኑት ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ ነገሩን በቆራጥነት ያዙት። በከተማና በሰፈር ውስጥ የፍጥነት ወሰን በ30 ማይል እንዲመለስ አደረጉ፤ በእግረኛ ማቋረጫ አጠገብ በጥቁርና ነጭ ምሰሶ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ መብራት እስካሁን በስማቸው ይጠራል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የመንዳት ፈተናን አመጣ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ግር ብሎ እንዳይመጣ ፈተናው መጀመሪያ በማርች 1935 ለፈቃደኞች ተከፈተ፤ ከጁን 1 ቀን ጀምሮ ግዴታ ሆነ። ግዴታው የተጣለው ከኤፕሪል 1 ቀን 1934 ወዲህ መንዳት በጀመሩት ላይ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ፈቃድ የያዙት ግን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያለ ፈተና የነዱ ናቸው።

ስለዚያ የመጀመሪያ ዓመት ብዙ መረጃ ተርፏል። የፈተናው ክፍያ ሰባት ሺሊንግ ከስድስት ፔኒ ነበር። የፈተና ጣቢያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ተፈታኙ ከፈታኙ ጋር በመናፈሻ በር፣ በባቡር ጣቢያ ወይም በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ይቀጣጠራል። 246,000 ያህል ሰዎች አመለከቱ፤ አንድ ፈታኝ በቀን ከ9 እስከ 16 የሚደርሱ የግማሽ ሰዓት ፈተናዎችን ይሰጥ ነበር። ከመቶ 63ቱ አለፉ። ተፈታኙ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን በማውጣት መታጠፉን፣ ፍጥነት መቀነሱን፣ መቆሙን ያሳያል፤ በጥርና በየካቲት ብርድም እንደዚሁ። ለማጁን የሚለየው በነጭ ላይ የተጻፈው ቀይ የ«ኤል» ሰሌዳም የዚያ ዓመት ሥራ ነው።

ጦርነቱ ሲጀመር፣ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1939፣ ፈተናው ተቋረጠ። ፈታኞቹ ወደ ትራፊክ ሥራና ወደ ነዳጅ ራሽን ቁጥጥር ተዛወሩ። ፈተናው በኖቬምበር 1946 ተመልሶ ቢጀመርም፣ በጦርነቱ ጊዜ የልምምድ ፈቃድ ለያዙት በ1947 የአንድ ዓመት ምሕረት ተሰጥቷቸው ያለ ፈተና ሙሉ ፈቃድ እንዲወስዱ ተደርጓል። በስዊዝ ቦይ ቀውስ ምክንያት ነዳጅ ሲታጣም ፈተናው ከኖቬምበር 1956 እስከ ኤፕሪል 1957 ድረስ ተቋርጦ፣ ለማጆች ያለ አጃቢ እንዲነዱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የሚጠቀሰው ዋና ለውጥ በ1975 የእጅ ምልክት ማሳየት ከፈተናው መውጣቱ ነው።

የዛሬው ፈተና

እስከ 1996 ድረስ የመንገድ ደንብ የሚጠየቀው በተግባር ፈተናው መጨረሻ፣ ፈታኙ በቃል በሚያቀርባቸው ጥቂት ጥያቄዎች ነበር። በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ቀን የጽሑፍ ፈተናው ራሱን ችሎ ወጣ። አሁን 50 ጥያቄዎች አሉት፤ ለማለፍ 43 መመለስ ይጠበቃል። በ2002 የአደጋ ማስተዋያ ክፍል ተጨመረበት። ተፈታኙ 14 አጫጭር ፊልሞችን ያያል። ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ ሲል ወይም ብስክሌተኛ ወደ መሐል ሲወጣ ገና ሲጀምር የመዳፊቱን ቁልፍ የነካ አምስት ነጥብ ያገኛል፤ በዘገየ ቁጥር ነጥቡ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። እንዲሁ ደጋግሞ የሚነካካውን ኮምፒውተሩ ያውቅበትና ለዚያ ፊልም ምንም አይሰጠውም። ከፊልሞቹ አንዱ ሁለት አደጋ ስላለበት ድምሩ 75 ነጥብ ነው፤ ማለፊያው 44 ነው።

የተግባር ፈተናው 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ከ20 ሜትር ርቀት የቆመ መኪናን ታርጋ ማንበብ ነው፤ ይህን ያልቻለ መኪናው ውስጥ ሳይገባ ይወድቃል። ከዚያ ስለ መኪናው ደኅንነት ጥያቄ ይቀርባል፤ ከዚያ መንገዱ ይጀመራል። እስከ 15 ቀላል ስሕተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ወይም አደገኛ ስሕተት ግን ብቻውን ይጥላል። ከ2017 ወዲህ ተፈታኙ የአቅጣጫ መሣሪያን እየተከተለ ወይም የመንገድ ምልክቶችን እያነበበ ለ20 ደቂቃ ያህል ራሱ ይነዳል። ወደ ኋላ እየነዱ ማዕዘን መዞር የቀረውም ያኔ ነው። በ2025 መገባደጃ ደግሞ ድንገተኛ ፍሬን ከሦስት ፈተና በአንዱ ይጠየቅ የነበረው ከሰባት በአንዱ ብቻ እንዲሆን፣ በፈተናው ውስጥ የሚደረገውም መቆም ከአራት ወደ ሦስት እንዲቀነስ ተደርጓል። የታሰበው ፈተናው በተጨናነቁ የመኖሪያ መንገዶች ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ አሳጥሮ አደጋ በሚበዛባቸው የገጠርና ፈጣን መንገዶች ላይ እንዲውል ነው። ከተፈታኞች ግማሽ ያህሉ ይወድቃሉ። በትውውቅም በልመናም የማይሸራረፍ ፈተና መሆኑ የብሪታንያ ፈታኞች በሚገባ ሊኮሩበት የሚችሉት ነው።

ፈተናውን ከማለፍ በኋላ ያለው ጊዜ

ወጣት አሽከርካሪዎችን በሚመለከት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አኃዝ የመንግሥት ነው፤ ከ17 እስከ 24 ዓመት ያሉት ከፈቃድ ባለቤቶች 6 ከመቶ ያህል ሆነው ሳለ፣ ሞትና ከባድ ጉዳት ካደረሱት ግጭቶች ውስጥ 24 ከመቶ በሚሆኑት ተሳትፈዋል። ከአምስት አዲስ አሽከርካሪዎች አንዱ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚጋጭም ይነገራል። አደጋው የሚከፋው በሌሊት ሲሆን፣ በተለይ መኪናው ውስጥ እኩዮች ተሰብስበው ሳለ ነው።

እስካሁን በሥራ ላይ ያለው ብቸኛ ጠንካራ ገደብ ከጁን 1997 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአዲስ አሽከርካሪዎች ሕግ ነው። ፈተና ባለፈ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የጥፋት ነጥብ የተያዘበት ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ሁለቱንም ፈተና እንደገና ይቀመጣል። እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም ስድስት ነጥብና 200 ፓውንድ ስለሚያስቀጣ፣ አንድ ጊዜ ስልክ ማንሣት ብቻ ለጀማሪ ፈቃድን ያሳጣል።

ከዚህ አልፎ ለመሄድ የተደረገው ትልቁ ሙከራ የ2013ቱ ነው። መንግሥት ያስጠናው የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ እንዲጀመር መከረ። ለማጁ ቢያንስ 12 ወር እንዲማር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ 100 ሰዓት በቀን፣ 20 ሰዓት በሌሊት እንዲለማመድ፣ ካለፈ በኋላም ለአንድ ዓመት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻውን እንዳይነዳ፣ ዕድሜው ከ30 በታች ከሆነም ከ30 በታች የሆነ ሰው እንዳይጭን የሚል ነበር። ይህ ቢሠራ በዓመት 4,471 ሰዎች ከጉዳት እንደሚድኑና 224 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚተርፍ ጥናቱ ገመተ። ሐሳቡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቀመጠ። በ2019 እንደገና ተነሥቶ በ2020 ተተወ። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ አውቶቡስ በማይደርስበት ገጠር የሚኖር ወጣት፣ ወይም በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ያለ ጥፋቱ ሥራውን ያጣል የሚል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም የሌሊት ሠራተኞችን ነፃ ማድረግ ለሌሎች አገሮች አስቸጋሪ ያልሆነ በመሆኑ፣ ይህ ብቻውን ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ ለመተው የሚያበቃ አይመስልም።

ደረጃ በደረጃ የሚሰጠውን ፈቃድ በ1987 ቀድማ በሥራ ያዋለችው ኒውዚላንድ ናት፤ የካናዳ ክፍለ ሀገሮችና አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተከትለዋታል። ኒውዚላንድ ራሷ በ2025 ሁለተኛውን የተግባር ፈተና ለማስቀረት ሐሳብ ማቅረቧ የሚጠቀስ ነው።

በጃንዋሪ 2026 የብሪታንያ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት ስትራቴጂውን አወጣ። በ2035 የሞትና የከባድ ጉዳት ቁጥርን በ65 ከመቶ ለመቀነስ አልሟል። ስለ ጀማሪዎች ለውይይት ያቀረባቸው ሁለት ዋና ሐሳቦች ናቸው። አንደኛው በጽሑፍና በተግባር ፈተናው መካከል ቢያንስ የ3 ወይም የ6 ወር የመማሪያ ጊዜ እንዲኖር ነው። ሁለተኛው ለጀማሪዎች ዝቅ ያለ የአልኮል ወሰን መጣል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ያለው ወሰን ከ1967ቱ ሕግ ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ስኮትላንድ በ2014 ወደ 50 አውርዳዋለች። የሰዓት እላፊና የተሳፋሪ ገደብ ግን አሁንም አልተካተተም። ኤኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ከ21 ዓመት በታች ያሉ ጀማሪዎች ለስድስት ወር እኩዮቻቸውን እንዳይጭኑ፣ የሚለያቸው የ«ጂ» ሰሌዳም እንዲለጥፉ ጠይቋል።

ሰሜን አየርላንድ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይዛለች። እዚያ አዲስ አሽከርካሪ ለአንድ ዓመት የ«አር» ሰሌዳ ለጥፎ ከ45 ማይል ሳያልፍ መንዳት የቆየ ሥርዓት ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ሙሉው ደረጃ በደረጃ አሠራር እንዲተገበር ተወስኗል፤ ቢያንስ ስድስት ወር መማር፣ የሥልጠና መዝገብ መያዝ፣ ሰሌዳውን ለሁለት ዓመት መለጠፍ። ከ24 ዓመት በታች ያሉት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 እስከ 20 ዓመት ያለ ተሳፋሪ ከአንድ በላይ አይጭኑም፤ የቤተሰብ አባል አይመለከተውም። የ45 ማይሉ ወሰን ይቀራል።

ወረፋው

ኮሮና 1.1 ሚሊዮን ያህል ፈተናዎችን አስቀርቷል፤ የተከማቸውም እስካሁን አልተቃለለም። በ2020 መጀመሪያ 5 ሳምንት የነበረው አማካይ ወረፋ በሴፕቴምበር 2025 ወደ 22 ሳምንት ደርሶ ነበር። በ62 ፓውንድ የሚያዘው ቀጠሮ በደላሎች ፕሮግራም እየተለቀመ እስከ 500 ፓውንድ ድረስ ተሸጧል። መንግሥት 36 የመከላከያ ሠራዊት ፈታኞችን በሳምንት አንድ ቀን አሰማርቷል፤ ቀጠሮ የሚይዘውም ራሱ ለማጁ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። የጽሑፍ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ የመማሪያ ጊዜው ሲራዘም ወረፋው ካላጠረ ብዙ ሰው የጽሑፍ ፈተናውን ደግሞ ይቀመጣል። የስትራቴጂው ደጋፊዎች ለዚህ ሊያስቡበት ይገባል።

አማርኛ ተናጋሪዎች

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብሪታንያ ውስጥ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆኑ ጀምሮ ለ12 ወር ነው። ኢትዮጵያ ፈቃዳቸው ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፣ ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ለማጅ የልምምድ ፈቃድ አውጥቶ ሁለቱንም ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በቀኝ መንገድ የለመደ እጅና ዓይን በግራ መንገድ፣ በተለይም አደባባይ ላይ፣ ልምምድ ይፈልጋል። እስከ 2014 ድረስ አስተርጓሚ ይዞ መፈተን ይቻል ነበር፤ ከኤፕሪል 7 ቀን 2014 ወዲህ ግን ፈተናው በእንግሊዝኛና በዌልስ ቋንቋ ብቻ ነው። ውሳኔው የተወሰደው ለመንገድ ደኅንነትና ማጭበርበርን ለመከላከል ነው ተብሏል። መንገዱን አውቀው ቋንቋው ያገዳቸውን ግን ጎድቷል። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ማርሹ በእጅ የሚቀየረውን መንዳት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ለሥራ የሚማሩ አስቀድመው ማሰብ ይኖርባቸዋል።

ሕጉ ጀማሪ የሚለው በዕድሜ አይደለም። በአገር ቤት ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ45 ዓመት ሰው የብሪታንያን ፈተና ባለፈ ማግስት በስድስት ነጥብ ፈቃዱ ከሚሰረዝባቸው ወገን ነው። የ3 ወይም የ6 ወሩ የመማሪያ ጊዜ ዕድሜ ሳይለይ የሚጸድቅ ከሆነ እሱንም ይይዘዋል። በለንደን የግል ታክሲ ለመንዳት ደግሞ ዕድሜ 21 ከመሙላቱ በላይ ሙሉ ፈቃዱ ሦስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ፈተናውን የማለፉ ቀን በዘገየ ቁጥር ይህ የሦስት ዓመት ቆጠራም አብሮ ይዘገያል።