«ስቴት ታክስ የለም» ማለት ምን ማለት ነው? ቴክሳስ ብገባስ ስንት ይተርፈኛል?

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ቡና ላይ ስንሰበሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቴክሳስ፣ ዳላስ ላይ ያርፋል። አንዱ «እዛ እኮ ታክስ የለም» ብሎ ይጀምራል፣ በቃ ከዛ በኋላ ሁሉም በሐሳቡ ዕቃውን ሸክፎ መንገድ ጀምሯል። እኔም እንደዛ እያልኩ ነው ቴክሳስ የሄድኩት፣ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ግን መጀመሪያ የምለው «የትኛው ታክስ?» ነው።

ከደሞዛችን ላይ የሚቆረጠው አንድ ዓይነት አይደለማ። የፌደራሉ አለ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር ደግሞ አንድ ላይ 7.65 ፐርሰንት ይወስዳሉ፣ እነዚህ አላስካም ሂዱ ፍሎሪዳ ይከተሏችኋል። የሚቀረው የስቴቱ ኢንካም ታክስ ብቻ ነው። እሱን ከደሞዝ ላይ የማይቆርጡት ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ቴነሲ፣ አላስካ፣ ዋዮሚንግ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ኒው ሃምፕሸርና ዋሽንግተን ናቸው (ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ነው የምላችሁ፣ ዲሲማ ጥሩ አድርጋ ነው የምትቆርጠው)። ዋሽንግተንም ብትሆን ከ2022 ጀምሮ ትልልቅ የአክሲዮን ትርፍ ላይ 7 ፐርሰንት አስገብታለች፣ ግን እሱ አብዛኞቻችንን አይነካም።

እና ስንት ይተርፋል? በግምት ከማውራት ያምናውን ደብሊው ቱ (መሥሪያ ቤታችሁ የሚሰጣችሁን የዓመቱን የደሞዝና የታክስ ወረቀት) አውጡና ሳጥን 17ን እዩ፣ ለስቴቱ የተቆረጠባችሁ እዛ ላይ አለ፣ ከሱ ላይ ስቴቱ ሪፈንድ ብሎ የመለሰላችሁን ቀንሱ፣ የቀረው ነው ትርፋችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቨርጂኒያ 5.75 ፐርሰንት ነው ሲባል 60,000ን በ5.75 መትቶ 3,450 ዶላር ሊተርፈኝ ነው ስለሚል ነው። እንደሱ አይደለም፣ መጀመሪያ የሚቀነስ አለ፣ ከዛ ደግሞ 5.75 የሚጀምረው ከ17,000 በላይ ባለው ላይ ነው። በ2024 ሂሳብ ያላገባ፣ ልጅ የሌለው፣ 60,000 የሚሠራ ሰው ለቨርጂኒያ የሚደርስበት 2,650 ገደማ ነው፣ በወር 220 ዶላር መሆኑ ነው። መጥፎ ብር አይደለም ግን ሕይወት የሚቀይርም አይደለም። ሜሪላንድ ሲሆን ይከብዳል፣ ምክንያቱም ካውንቲውም የራሱን ይቆርጣል፣ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ (ፒጂ) ካውንቲ 3.2 ፐርሰንት ስቴቱ ላይ ይደርባሉ፣ አብዛኛው ሠራተኛ ያለበት የስቴቱ እርከን ደግሞ 4.75 ነው፣ ደምሩት፣ ወደ 8 ሊጠጋ ነው።

አሁን ወደ ቴክሳስ። ስቴቱ ያለ ብር አይኖርም፣ ከደሞዝ ያልወሰደውን ከቤት ላይ ነው የሚለቅመው። ዳላስ አካባቢ ፕሮፐርቲ ታክስ ከቤቱ ዋጋ 2 ፐርሰንት አካባቢ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ግን ከ1 ትንሽ ከፍ ይላል። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባለውን የመኖሪያ ቤት ቅናሽ ፎርም መሙላት አትርሱ፣ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ 140,000 ዶላር ይቀነስላችኋል፣ ሳይሞሉ ዓመታት ሙሉ ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለ አዲስ ሰፈር ቤቱ ሲያምር፣ ዋጋው ሲረክስ «ሙድ» የሚባል አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለውሃና ለፍሳሽ መስመር የተበደሩትን ከባለቤቶቹ የሚሰበስቡበት ተጨማሪ ታክስ ነው፣ እሱ ሲጨመር ሞርጌጃችሁ ወር ላይ ያስደነግጣችኋል። እውነቱን ለመናገር የሚጠቅመንም አለ፣ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ለመኪናችን የምንከፍለው ታክስ ቴክሳስ የለም፣ ጥሬ የምግብ ሸቀጥ ላይም ሴልስ ታክስ የለም። ሌላው ዕቃ ላይ ግን እስከ 8.25 ይደርሳል። ቴነሲ የምትሄዱ ደግሞ ምግብም ላይ ስቴቱ ብቻውን 4 ፐርሰንት እንደሚያስከፍል እወቁ።

ስለዚህ ጥሩ ደሞዝ ያለው ተከራይ ነው በደንብ የሚጠቀመው። ጭራሽ ሊጎዳ የሚችልም አለ፣ ይሄ ማንም ቡና ላይ የማያነሳው ነው። ሜሪላንድ ሁለት ልጅ ይዛ ሆም ኬር የምትሠራ፣ በዓመት 25,000 አካባቢ የምታገኝ እናት ብትኖር፣ ፌደራል ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጣት የታክስ ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚቀነስ ድጎማ) ላይ ሜሪላንድ የዛኑ 45 ፐርሰንት ያህል ከራሱ ይጨምርላታል፣ ከስቴት ታክሷ የተረፈውን በሪፈንድ ይልክላታል። እሷ ስቴቱ እየከፈላት ነው እንጂ እየከፈለች አይደለም፣ ቴክሳስ ግን እንዲህ ያለ ክሬዲት የለም።

ትራክ የምትነዱ ደግሞ ለናንተ ጉዳዩ ለየት ይላል። ከስቴት ስቴት የሚነዳ ሾፌር በፌደራል ሕግ ከደሞዙ ስቴት ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው፣ 40 ስቴት ቢያቋርጥም። ለዛ ነው ሁሉም የቴክሳስ አድራሻ የሚፈልገው። የማውቀው አንድ ልጅ ሚስቱና ልጆቹ እዛው ድሮ ቤታቸው እያሉ የአጎቱን ልጅ የጋርላንድ፣ ቴክሳስ አድራሻ አስሞላ፣ መንጃ ፈቃድም አወጣ፣ ጎበዝ ነኝ አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከድሮው ስቴት ደብዳቤ መጣ፣ ያልከፈለውን ከነወለዱ ከነቅጣቱ። ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ ሳይሆን ኑሮው የት ነው የሚለው ነው የሚታየው፣ ቤተሰብ የት ነው፣ ልጆች የት ይማራሉ፣ ማታ የት ታድራላችሁ። ድሮው ስቴት ውስጥ መኖሪያ ቤት አስቀርታችሁ በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዛው ከቆያችሁ ደግሞ ሌላ ክርክርም አያስፈልግም።

ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ለኒውዮርክ ድርጅት የሚሠራም ይጠንቀቅ፣ ፍሎሪዳ ተቀምጦ የሚሠራው ለራሱ ምቾት ከሆነ ኒውዮርክ ታክሱን ይጠይቀዋል። ቨርጂኒያ ያከራያችሁት ቤት ካለም የኪራዩ ገቢ የቨርጂኒያ ነው።

ከገባችሁ ደግሞ መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ90 ቀን ወደ ቴክሳስ አዙሩ፣ መሥሪያ ቤታችሁም ፔይሮል ላይ ስቴቱን እንዲቀይር ንገሩ፣ አለዚያ የድሮው ስቴት ዝም ብሎ መቁረጡን ይቀጥላል፣ ለማስመለስም ቀጣዩን የታክስ ሰሞን መጠበቅ ነው። የሄዳችሁበት ዓመት ላይ ለድሮው ስቴት የዓመቱ ከፊል ነዋሪ ሆናችሁ ፋይል ታደርጋላችሁ።