ኮርቲሶል ምንድን ነው? ጭንቀት ሲከርምስ በሽታ የመከላከል አቅማችንን ምን ያደርገዋል?

ኮርቲሶል ከኩላሊቶች በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመርቱት ሆርሞን ነው። «የጭንቀት ሆርሞን» መባሉ ክፉ ስም አሰጥቶታል እንጂ ያለ እሱ መኖር አይቻልም። ጤነኛ ሰው ላይ ከእንቅልፍ በተነሣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይላል።

ስንጨነቅ ትእዛዙ የሚነሣው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፣ ፒቱታሪ ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፣ አድሬናሎቹም ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ነጭ የደም ሴሎች ብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የማበጥና የመቅላት ምላሽ) እንዳያበዙም ፍሬን ይይዝባቸዋል። ለአስም የሚታዘዘው፣ ኮርቲሶልን የሚመስለው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

«ጭንቀት መከላከያን ያዳክማል» የሚባለው ታዲያ ግማሽ እውነት ነው። በሰው ፊት ቆሞ መናገርን የመሰለ፣ ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ ጭንቀት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን አንዳንድ ተዋጊ ሴሎች እንዲያውም ያበዛቸዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሳምንታትና ወራት ሲከርም ነው። ኮርቲሶል ፋታ ካጣ ሴሎቹ ለትእዛዙ ይደነዝዛሉ፤ ፍሬኑ ይላላል። ያኔ ቫይረስን የሚዋጋው ክፍል ሲዳከም ብግነቱ ደግሞ ሳይበርድ ይቀጥላል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ አንድ ሰው ላይ ግን አብረው ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁስል ተደረገላቸው። ቁስሉ የዳነው በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው ሴቶች 9 ቀን ያህል ዘግይቶ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም አስታማሚዎች ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚሰጡት ምላሽ ደካማ መሆኑም በሌላ ጥናት ታይቷል።

ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረ። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ «መከላከያ ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጥ እንክብል ይህን ጉድለት አይሞላም።

ጭንቀትን ለመለካት ኮርቲሶል መመርመርም ብዙ አይጠቅምም፤ መጠኑ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ውጤት ስለ ኑሮ ጫና አይናገርም። ምርመራው የሚያገለግለው እንደ ኩሺንግ (ኮርቲሶል ሲበዛ) እና አዲሰን (ሲያንስ) ያሉ የሆርሞን መዛባቶችን ለመለየት ነው። ፕሬድኒሶሎንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በድንገት ማቆም የለበትም፤ ዕጢዎቹ ሥራ ፈትተው ስለቆዩ የራሳቸውን ኮርቲሶል ወዲያው ማምረት አይችሉም፣ የደም ግፊትም አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል።