መገበሪያውን ማን በላው?

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወሬው ሁሉ ስለ ድንኳን ነው። አዲስ ድንኳን ይገዛል ተብሎ ብር ካዋጣን ቆየን፤ ድንኳኑ ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። አንዲት እናት ብድግ አሉ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ድንኳኑ ካልተገዛ ብሩ የት ነው ያለው?» አሉ። መልስ ሲያጡ ደገሙት። ሲያልፏቸው ሠለሱት። ይሄኔ ከፊት ጠረጴዛ ከተቀመጡት አንዱ፣ «እትዬ፣ የጊዮርጊስን መገበሪያ የበላ ይለፈልፋል ሲባል አልሰሙም?» አለና ሣቀ። አዳራሹም አብሮት ሣቀ። ሴትዮዋ ተቀመጡ።

እኔም ሣቅሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ቆይ፣ ሴትዮዋ ምኑን ነው የበሉት?

ይህ ተረት ዛሬ የወሬኛ መጠሪያ ሆኗል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ካወራ ይተረትበታል። ካፌ ውስጥ ስልክ ያስረዘመ ይተረትበታል። ጥያቄ ያበዛ ሕፃን እንኳ አይቀርለትም። አንድ ጎረምሳማ ጭራሽ ጊዮርጊስ ሲባል ቢራው መስሎት ነበር። «ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ይለፈልፋል ማለት አይደል እንዴ?» አለኝ። መገበሪያውንስ ምን አደረግኸው ስለው፣ ከቢራው ጋር የሚቀርብ ቆሎ መሆን አለበት አለ። አሣቀኝ እንጂ አላናደደኝም። ቢያንስ የተበላ ነገር እንዳለ ገብቶታል። ሌላው እኮ «ይለፈልፋል» የምትለዋን ይዞ ሲሮጥ «የበላ» የምትለዋን መንገድ ላይ ጥሏታል።

መገበሪያውን እኔ ያወቅሁት አያቴ ዘንድ ነው። ቤታቸው ሞረትና ጅሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ስለጫኑ እኛ የልጅ ልጆቻቸውም እማሆይ ነበር የምንላቸው። የጅሩን መሬት የረገጠ ያውቀዋል። መረሬ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ ስንዴ ሲያበቅል ግን ማየት ነው። በጥር ያ ስንዴ አውድማ ላይ ይወድቃል። በሬዎቹ ሲያበራዩት ይውሉና ከዚያ ሰው ሁሉ ነፋስ ይጠብቃል። ከጀማ ገደል አፋፍ ሽው ሲል ወንዶቹ መንሻቸውን ያነሣሉ። ገለባው ወደዚያ፣ ፍሬው ወደዚህ። እኛ ልጆች ገለባው ላይ ስንንደባለል ውለን ሌሊቱን ስናክክ እናድራለን።

ምርቱ ተሰብስቦ ጉብ ሲል ማንም እጁን አይሰድበትም። መጀመሪያ እማሆይ ይመጣሉ፤ ባዶ እግራቸውን። ያማትባሉ፤ ከጉብታው አናት ላይ አንድ ቁና ሞልተው ይሰፍራሉ። የጊዮርጊስ ነው። ያ ቁና ከሌላው ጋር ጎተራ አይገባም። የራሱ ዕንቅብ አለው። ማታ ማታ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጠው ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተቀላቀለውን ገብስ አንድ በአንድ ይለቅሙለታል። ለኛ እንጀራ እንዲህ ተለቅሞ አያውቅም።

መገበሪያ ይህ ነው፤ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ። ቃሉ ከ«ገበረ» የመጣ ነው። ለንጉሥ ሲገበር ግብር፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲገበር መገበሪያ። ከዕጣን፣ ከጧፍና ከዘቢብ ጋር አብሮ ይጠራል። ዱቄቱ ተቦክቶ የሚጋገረው በደብሩ ቅጥር ባለችው የኅብስት ቤት፣ ቤተ ልሔም ውስጥ ነው። ከዚያ ኅብስቱ ቃጭል እየተመታለት ወደ መቅደስ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ይሰግድለታል። ትናንት ዕንቅብ ውስጥ የነበረ ስንዴ!

አፈጫጩም እንደ ቤት እህል አይደለም። እኛ ደብር የሚፈጩት እንደ እማሆይ ያሉ ቆብ የጫኑ ሴቶች ነበሩ። ወፍጮው ለብቻው ነው፤ ሽሮና በርበሬ አያውቀውም። እማሆይ ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ ትንፋሻቸው ዱቄቱን እንዳይነካ አፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጁን ይይዛሉ። አፍ ከተጠቀለለ ደግሞ ወሬ የለም። ቤት ውስጥ ጤፍ ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩት፣ የሚያወጉት፣ ጎረቤት ቆንጠር የሚያደርጉት (ነፍስ ይማር) ሴትዮ መገበሪያ ላይ ሲቀመጡ ዲዳ ይሆናሉ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ውሃ ጠማኝ ብዬ ብነዘንዛቸው በዓይናቸው ብቻ ነው የመለሱልኝ። ዓይናቸው «ጋን እዚያ ነው» አለ። የሚሰማው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ብቻ ነበር።

ሲጨርሱ ነጠላው ይፈታል። ያኔ ወሬ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያወሩት የአገራችንን ልጅ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነገር ነበር። ቡልጋ፣ ጽላልሽ፣ ኢቲሳ የተወለዱ ናቸው፤ እማሆይ የሚያወሯቸው ግን እንደ ጎረቤት ልጅ ነው። ረኃብ ገብቶ እናታቸው እግዚእ ኃረያ የሚካኤልን ዝክር በምን ልዘክር ብለው ሲጨነቁ፣ ሕፃኑ በጥቂቷ ዱቄት ላይ እጁን ቢያሳርፍ ዱቄቱ ሞልቶ ፈሰሰ። ይህን ሲሉ የገዛ ዱቄታቸውን በዓይናቸው ይለኩታል። የኔ እጅ ግን ለበረከት የተፈጠረ አልነበረም።

ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። የጊዮርጊስ ዋዜማ ለት ስንዴውን በከረጢት፣ ዘቢቡን በጨርቅ ቋጠሮ አስይዘው ወደ ደብሩ ላኩኝ። ዘቢብ ያኔ ከእነዋሪ ገበያ የሚመጣ ብርቅ ነገር ነው። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ ቋጠሮውን ፈታሁት። አንዱን ቀመስኩ። ዘጠኝ ሆነ። መልሼ ቋጠርኩት፤ የኔ አቋጠር ከሳቸው ጋር እንዲመሳሰል ሦስት ጊዜ ነው የፈታሁት። ዲያቆኑ ልብ እንኳ ሳይለው ተቀበለኝ።

ማታ እራት ላይ ስለ ላም ይወራል። ላሚቱ ትወልዳለች፣ አትወልድም። እኔ ከመሬት ተነሥቼ፣ «እኔ ግን የዘቢቡን ቋጠሮ አልፈታሁም!» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። እማሆይ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ማን ፈታኸው አለህ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ ነኝ የለፈለፍኩት። ባሕር ዛፉን፣ ዘጠኙን፣ ሦስቴ መቋጠሬን። አልመቱኝም። ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ «አየህ ልጄ፣ ጊዮርጊስ ፈረሱን እንኳ አልጫነም» አሉ። የሚቀጥለውን ወር መገበሪያ ግን ጠጠሩን የለቀምኩት እኔ ነኝ።

ተረቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ለፍላፊው ወሬ ስለሚወድ አይደለም የሚለፈልፈው። የበላው ነገር አላስቀምጥ ብሎት ነው። ጠያቂ ሳይኖር ይመልሳል።

ታዲያ ለምን ጊዮርጊስ? ብዙ ሰው ፈጥኖ ደራሽ ስለሆነ፣ ሌባ ላይ ስለሚበረታ ነው ይላል። ይሁን። የኔ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ማስረጃ አምጣ እንዳትሉኝ፤ አውድማ ላይ ያገኘሁት ነው።

የታሪክ ሰዎች የጊዮርጊስን ሰማዕትነት በ4ኛው መቶ ዘመን መባቻ ከነበረው ከሮሙ ቄሣር ከዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጋር ያያይዙታል። የኛ ገድል ደግሞ ንጉሡን ዱድያኖስ ይለዋል። 7 ዓመት አሠቃየው፤ ሰማዕቱ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሣ፤ በአራተኛው፣ ሚያዝያ 23 ቀን፣ አክሊሉን ተቀበለ። ከሥቃዮቹ አንዱ ግን የራሱ በዓል አለው። ጥር 18፣ ከጥምቀት ልክ በሳምንቱ። ዝርወተ ዓጽሙ ይባላል፤ የአጥንቱ መበተን። ሥጋውን አቃጥለው፣ አጥንቱን እንደ እህል ፈጭተው፣ ይድራስ የሚባል ተራራ ላይ ወጥተው ለነፋስ በተኑት። እማሆይ ሲተርኩት ታዲያ እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያ ዱቄት ያረፈበት ሣር፣ ያረፈበት ቅጠል ሁሉ አፍ አውጥቶ የሰማዕቱን ስም ይጠራ ጀመር።

አያችሁልኝ? ወሩ ጥር ነው። ገበሬው አውድማ ላይ ነው። ነፋሱ ገለባውን እየበተነ ነው። ከዚያው ምርት የጊዮርጊስ ቁና ተሰፍሮ ሊፈጭ ነው። በዚህ መሀል ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሚሰማው ስለ ተፈጨና በነፋስ ስለ ተበተነ ሰማዕት፣ ስለ ለፈለፈ ቅጠል ነው። የጊዮርጊስ ዱቄት የነካው ቅጠል ከተናገረ፣ የጊዮርጊስን ስንዴ የዋጠ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ለኔ ተረቱ የተወለደው በእንዲህ ያለ ጥር፣ በእንዲህ ያለ አውድማ ላይ ነው።

ይህን ለአንድ መሪጌታ ወዳጄ ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ በርጋታ አፈረሰብኝ። «የገብርኤልን መገበሪያ የበላ ይለፈልፋል የሚሉም እኮ አሉ። ገብርኤል መቼ ተፈጨ?» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያም መልክ ይነገራል። ሁለት ቀን አሳሰበኝ። በሦስተኛው ግን ደወልኩለት። ገብርኤል አብሣሪው አይደለም እንዴ? ዘካርያስ ቃሉን ባያምን አንደበቱን የዘጋው እሱ ነው። አፍ መዝጋት የሚያውቅ መክፈት ያቅተዋል? መሪጌታ ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሣቀ። «አንተ ራስህ ምን በልተህ ነው?» አለኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። መገበሪያውን መብላት የሚችለው ማን ነው? መንገደኛ ሌባ አይደለም። ቁልፉ በእጁ የሆነ ሰው ነው። በቀድሞው ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ ከመሬቱ የሚገባውን የሚረከብ፣ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ ገበዝ ነበራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ መሬቱ ሄደ። መገበሪያው በየምእመኑ ጎተራ ላይ ወደቀ። ያኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ ግን ስንዴው የሚቀመጠው ባለ አደራ ዘንድ ነው። ደጉ ገበዝ አይቀየመኝና፣ ተረቱ ዓይኑን የጣለው አደራ በተሰጠው ሰው ላይ ይመስለኛል። እኔም ዘጠኙን ዘቢብ ስበላ ተልኬ እንጂ ሰርቄ አልነበረም።

ወሬ ላበዛ ሰው አማርኛ ቃል አላነሰውም። ለፍላፊ አለ፤ ቀባጣሪ አለ፤ ምላሱ የማያርፍ አለ። አራዳው ደግሞ ቀዳዳ ይላል። ከነዚህ አንዱን መርጦ መሳደብ እየተቻለ ከጊዮርጊስ ዕንቅብ ምን ያስገባል? ይባስ ብሎ ብሩ የት ገባ ያለን ሰው አፍ መዝጊያ ሲደረግ ደግሞ ያሳፍራል። የጠየቀ ሰው ለፈለፈ አይባልም። ተረቱ የሚጠብቀው የሌላኛውን አፍ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ቋጠሮውን አልፈታሁም» የሚለውን።

ያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ ሴትዮዋን በር ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ አፌ ተያዘ። እሳቸው ናቸው የቀደሙኝ። «አንተም ስትሥቅ አይቼሃለሁ» አሉኝና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ትናንት የዕድሩ ጸሐፊ ደውሎልኝ ነበር። ስለ ቀብር ሰዓት ሊነግረኝ ነው የደወለው። ሊዘጋ ሲል ግን፣ «ደግሞ ያ የድንኳኑ ብር... እኔ ጋ እኮ አይደለም» አለ። እኔ ስለ ድንኳን አላነሣሁም ነበር።